ሄዘር ትምህርት ቤት ስትገባ
(ስለ አንዲት የሕፃናት መጽሐፍ የተጻፈ ሂስ)

የትምህርት ቤት መክፈቻ ዋዜማ በየአገሩ ይመሳሰላል። በእኛ አገር ዝናሙ ጋብ ሲል፣ አደይ አበባም ሜዳውን ሲያለብሰው፣ እናት የልጅዋን ልብስ ታጥባለች፤ ደብተሩን በአሮጌ ጋዜጣ ትለብጣለች፤ ጠጉሩን ታስተካክላለች። አባትም ለመመዝገቢያ የሚሆነውን ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ እየቈጠረ ያጕረመርማል። በአሜሪካ አገር ይኸው ሥራ የሚበዛው በነሐሴ መጨረሻ ነው። እዚያም ቢሆን ቦርሳ ይገዛል፤ እርሳስ ይቀረጻል፤ ጫማው ጠበበ አልጠበበም ተብሎ አውራ ጣት ይነካል። ነገር ግን በአንዳንድ ቤት ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነ ሌላ ዝግጅት አለ። ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች አንድ ሆነው ልጅ በሚያሳድጉበት ቤት ማለቴ ነው። እነዚህ ወላጆች ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ለአስተማሪዋ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ልጃቸው አንደኛዋን «እማማ» ሁለተኛዋን «እማዬ» እያለች እንደምትጠራ ያስረዳሉ። የመመዝገቢያውን ቅጽ ተቀብለው «የአባት ስም» ከሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ያቆማሉ። የጉዲፈቻውን የፍርድ ወረቀት ምናልባት ቢጠየቅ ብለው ከክትባቱ ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ይከታሉ። ከዚያም በመኝታ ሰዓት ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ነገ ልጆች «አባትሽ የት ነው?» ብለው ሲጠይቁሽ ምን ብለሽ ትመልሻለሽ እያሉ ያለማምዷታል።

ለዚህች የመጨረሻዋ ልምምድ የተጻፈች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አለች። የርስዋን ደግነትና ጕድለት መርምሬ ለአንባቢ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ገና ከመጀመሬ አንዳንድ አንባቢ «ይህ ነገር እኛን ምን ያገባናል?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። በአገራችን ሕግ እንዲህ ያለው ኑሮ የተከለከለ ነው፤ በ2004 የወጣው የወንጀለኛ ሕግ በ629ኛው አንቀጽ ይቀጣል። እኔም ብሆን የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አላውቅም ብዬ አልዋሽም። ይሁን እንጂ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ዛሬ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ከነዚህ ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ በአንድ ሜዳም ኳስ ይጫወታሉ። የአበሻው ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ተመልሶ «እማዬ፣ ጓደኛዬ ሁለት እናት አላት፤ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነገሩ ያገባናል። ያን ጊዜ መልስ የሚሰጠው ሰው ቢያንስ ልጆቹ የሚያነቡትን ቢያውቅ ይሻለዋል።

መጽሐፏ «ሄዘር ሁለት እናቶች አሏት» ትባላለች። የጻፉዋት ወይዘሮ ሌዝሊያ ኒውማን የሚባሉ አሜሪካዊት ደራሲ ናቸው። ታሪኩን ራሳቸው እንዳወሩት፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ አገር ኖርዛምፕተን በምትባለው ከተማ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አቁማ ለልጄ የማነብላት የኛን ቤት የመሰለ ቤት የሚያሳይ መጽሐፍ የለኝም፤ አንድ ሰው ይጻፍልኝ ስትል ለመነቻቸው። ወይዘሮ ሌዝሊያም ጻፉ። የሚያሳትም ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ከአንዲት ወዳጃቸው ጋር ሆነው ከየሰዉ መዋጮ ለምነው፣ ገንዘቡ ሲሞላ በ1989 አሳተሙት። በሚቀጥለው ዓመት አንድ አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት ተረከበው። እንግዲህ መጽሐፏ ከዚያች እናት ጭንቀት የተወለደች ናት ማለት ይቻላል። እኛ የመጽሐፍ ወዳጆች «ለጥቅም የተጻፈ» ሲባል አፍንጫችንን መንፋት ይቀናናል። ዳሩ ግን እሹሩሩም የሚባለው ልጁ እንዲተኛ ነው፤ ለጥቅም ነው ተብሎ የናቀው ሰው አላየሁም።

ከርስዋ በፊት አንዲት ታላቅ እኅት ነበረቻት። በ1981 ዴንማርካዊቷ ሱዛነ ቦሼ አባትዋና የአባትዋ ወዳጅ አብረው ስለሚያሳድጓት አንዲት ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ አወጣች። መጽሐፉ በ1983 ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለንደን ገባ። እዚያም በጋዜጣና በፓርላማ ብዙ ሁከት ካስነሣ በኋላ፣ የአካባቢ አስተዳደሮች ስለ እንዲህ ዓይነት ቤቶች በበጎ እንዳያስተምሩ የሚከለክል አንቀጽ በ1988 በሕግ እንዲገባ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ። አንቀጹ በስኮትላንድ በ2000፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ2003 ተሻረ። በዚያ መካከል ትምህርታቸውን ጀምረው የጨረሱ ልጆች አሉ ማለት ነው፤ አስተማሪያቸው ስለ ገዛ ቤታቸው አንድ ቃል እንዳይተነፍስ እየፈራ ያስተማራቸው።

ወደ ሄዘር እንመለስ። የታሪኩ ቅርጽ ቀላል ነው። ሄዘር ከሁሉ ቍጥር የምትወደው ሁለትን ነው። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ዓይን አላት። ሁለት የቤት እንስሳም አላት፤ አንዲት ድመትና አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ። እናቶቿም ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ጄን አናጢ ናት፣ ሁለተኛዋ ኬት ሐኪም ናት። ከዚያ ሄዘር ልጆች ተሰብስበው ከሚጫወቱበት ቤት ትገባለች፤ በኋለኛው እትም ይህ ትምህርት ቤት ተብሏል። ልጆቹ ስለ አባቶቻቸው ሥራ ማውራት ሲጀምሩ ሄዘር አባት እንደሌላት ያን ጊዜ ታስተውላለች። አስተማሪቱ ሞሊ ነገሩን ታይና ልጆቹ ሁሉ ቤተ ሰባቸውን እንዲሥሉ ወረቀትና ቀለም ትሰጣቸዋለች። ሥዕሎቹ ሲሰቀሉ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። እናት ብቻ ያለችው አለ፤ እንጀራ አባት ያለው አለ፤ ሁለት አባት ያለው አለ፤ በጉዲፈቻ የመጡ ልጆች ያሉበት ቤትም አለ። ታሪኩ ይኸው ነው።

በዚህ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የቍጥሩን ነገር ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ስለ ጋብቻና ስለ ሕግ አታውቅም፤ መቍጠር ግን ጀምራለች። ዓለምን የምትይዘው በጣቶቿ ነው። ደራሲዋ «ሁለት እናት» የሚለውን ነገር ከሁለት እጅና ከሁለት ዓይን ቀጥለው ሲያስቀምጡት ሕፃኗ በራስዋ ቋንቋ እንድትናገር አድርገዋል። ክርክር የለበትም፤ አዋቂ ከኋላ ቆሞ ሲያቀብላትም አይሰማም። ብዙ የሕፃናት መጻሕፍት የሚበላሹት የሕፃኑን አፍ ተበድሮ አዋቂው ስለሚናገርበት ነው። እዚህ ግን ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሄዘር ራስዋ ናት።

መካከሉ ላይ ሲደርስ ግን መጽሐፏ ትሰናከላለች። በመጀመሪያው እትም ላይ ደራሲዋ ሄዘር እንዴት እንደ ተፀነሰች፣ እናትየዋ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ምን እንደ ተደረገላት እስከ መዘርዘር ይደርሳሉ። ነገሩ ነውር ነው ለማለት አይደለም። ሕፃኗ አልጠየቀችም ነው የምለው። ውሻና ድመት ስትቈጥር የነበረች ልጅ በድንገት ሐኪም ቤት ተወስዳ የማትከታተለውን ነገር ትሰማለች። የሚከታተለው ከትከሻዋ በላይ ሆኖ የሚያነበው አዋቂ ብቻ ነው፤ እርሱም «ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ ተጠራጣሪ ጎረቤት ነው። ለጎረቤት የሚሰጠውን መልስ በልጅ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ስሕተት ነበር። ደራሲዋም ይህን አውቀው በኋለኞቹ እትሞች አወጡት። የገዛ ቃሉን የሚቈርጥ ደራሲ እምብዛም አይገኝምና ይህን ማመስገን ይገባል።

አሁን ከሁሉ የሚያጨቃጭቀኝ ነገር ላይ ደረስኩ፤ እርሱም የሄዘር እንባ ነው።

በ1989 በታተመው መጽሐፍ ሄዘር አባት እንደሌላት ባስተዋለች ጊዜ ታለቅሳለች። በ2015 ሎራ ኮርኔል በደማቅ ቀለም ሥላው እንደ አዲስ በታተመው መጽሐፍ ግን አታለቅስም፤ ብቻ ትገረማለች፤ ታስባለች። በነዚህ በሃያ ስድስት ዓመታት መካከል እንባዋ ደርቋል። ለምን? ምክንያቱን መገመት አይከብድም። በመጀመሪያ፣ መጽሐፏን የሚቃወሙ ሰዎች ያንን እንባ ይዘው «ተመልከቱ፤ ልጅቱ ራስዋ ጐደለኝ አለች» ለማለት ተመቻቸው። ሁለተኛም፣ ብዙ ወላጆች እንዲህ ሲሉ አሰቡ፦ ልጄ እስከ ዛሬ ስለ አባት አዝና አታውቅም፤ እኔ ይህን መጽሐፍ ባነብላት ማልቀስ የሚገባ መሆኑን ከመጽሐፍ ልትማር ነው፤ ያልነበረውን ኀዘን እኔ ላመጣባት ነው። ይህ ሁለተኛው ክርክር ቀላል አይደለም። ልጅ የሚያዝንበትን ነገር ብዙ ጊዜ ከእኛ ፊት ያነባል። ወድቆ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያየው እናቱን ነው፤ ከደነገጠች ያለቅሳል፤ ከሣቀች ይሥቃል።

ይህን ሁሉ ካመዛዘንኩ በኋላ ግን የመጀመሪያው እትም ይበልጣል እላለሁ። ሄዘር ያለቀሰችው ሁለት እናት ስላላት አይደለም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ አባት አስባም አታውቅም ነበር። ያለቀሰችው ሁሉም ያለውን ነገር እርስዋ ብቻ እንደሌላት በሰው ፊት በድንገት ስለ ታወቃት ነው። ይህ እንባ የሁለት እናቶች ልጅ ብቻ የሚያለቅሰው አይደለም። አባቱ የሞተበት ልጅ ያለቅሰዋል፤ ድኻ ስለ ሆነ ጫማ የሌለው ልጅ ያለቅሰዋል፤ አገሩን ትቶ በመጣበት ከተማ ቋንቋውን የማይናገር ልጅም ያለቅሰዋል። ከኢትዮጵያ ተወስዶ ምሳ ዕቃውን በክፍሉ መካከል የከፈተና «ያ የሚሸተው ምንድር ነው?» የተባለ ልጃችንም ያውቀዋል። ወላጅ በነሐሴ ማታ ልጁን ለትምህርት ቤት ሲያዘጋጅ «ማንም ምንም አይልሽም» ካላት በመስከረም ይዋሻል። «ይጠይቁሻል፤ ምናልባትም ዓይንሽ እንባ ይሞላል፤ ከዚያ ያልፋል፤ ማታም እኛ በር ላይ ቆመን እንጠብቅሻለን» ካላት ግን እውነት ነገራት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህን ሁለተኛውን ይላል። አዲሱ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። ሥዕሉ የበለጠ አምሯል፤ ወረቀቱም የበለጠ ጥሩ ነው፤ እውነቱ ግን ቀንሷል።

እንባውም ባይኖር የሞሊ ሥራ ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ መድኃኒት በሽታ በሌለበት አይመሰገንምና። እኔ ከመጽሐፏ ሰዎች ሁሉ የምወዳት ይህችን አስተማሪ ነው። ንግግር አታደርግም። «ሄዘርን አትጠይቋት፤ የርስዋ ቤት ልዩ ነው» ብላ በደግነት አታዋርዳትም። ወረቀት ትሰጣለች፤ ለሁሉም ትሰጣለች። ጥያቄውን ከአንዲት ልጅ ላይ አንሥታ በሁሉም ላይ አከፋፈለችው። ልጅና ወረቀት የያዙትን አይለቁም እንደሚባለው፣ እነዚያ ልጆች ያን ቀን የያዙትን አይለቁም።

ስለዚህች አስተማሪ ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ አንባቢ ይታገሠኝና ልንገረው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን መዝገቡን ዘርግተው ስም ይጽፉ ነበር። መቼም በእኛ አገር ስም ማለት የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ሰውን ስናገኘው «የማን ልጅ ነህ?» እንለዋለንና። ተራው ከአንድ ልጅ ላይ ደረሰ። «የአባትህ ስም?» አሉት። ዝም አለ። ደግመው ጠየቁት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «የለውም!» ብሎ ጮኸ፤ አንዲት ክፉ ቃልም ጨመረበት፤ ቃሏን አንባቢ ያውቃታል። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። አስተማሪው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግራ ገብቷቸው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ያ ልጅ ለብዙ ቀን ሳይመጣ ቀረ። በመጨረሻ አያቱ እጁን ይዘው አመጡትና የኔ ልጅ ብላችሁ ጻፉት አሉ፤ በአያቱ ስም ተጻፈ። በዚያ ክፍል ከአርባ ልጆች መካከል አባቱ ሌላ አገር የሄደ፣ አባቱ የሞተ፣ አክስቱ የምታሳድገው፣ የጡት ልጅ የሆነ፣ እንጀራ እናት ያለችው ስንት ነበር! አስተማሪው አንድ ጊዜ እንኳ «እስቲ በየቤታችሁ ማን ማን አለ?» ብለው ሁላችንንም ቢጠይቁ ኖሮ፣ የሚሥቅ ሰው ባልተገኘ ነበር። ሞሊ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የሄዘር መጽሐፍ ስለ ሁለት እናቶች የተጻፈች ናት ይባላል፤ እኔ ግን አስተማሪዎች ሊያነቧት የሚገባት ስለ መዝገብ አያያዝ የተጻፈች መጽሐፍ ናት እላለሁ።

ይህች ትንሽ መጽሐፍ ያስነሣችው ጠብ ግን ከልኳ በላይ ነው። በ1992 በኒው ዮርክ ከተማ ለመጀመሪያ ክፍሎች አስተማሪዎች በተዘጋጀ መምሪያ ውስጥ ስሟ ስለ ተጠቀሰ በኵዊንስ ያለ አንድ የትምህርት ቤቶች ቦርድ መምሪያውን አልቀበልም አለ፤ የከተማይቱ የትምህርት ሹም ጆሴፍ ፈርናንዴዝ ቦርዱን አገዱት፤ እርሳቸውም በሚከተለው ዓመት ውላቸው ሳይታደስ ቀረ። በ1998 ደግሞ በቴክሳስ ዊቺታ ፎልስ በምትባል ከተማ አንድ ፓስተር ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተወሰደችውን መጽሐፍ አልመልስም አሉ። የከተማው ምክር ቤት ሦስት መቶ ሰው ከፈረመ የሕፃናት መጽሐፍ ከሕፃናት ክፍል እንዲወጣ የሚፈቅድ ውሳኔ ቢያወጣ፣ በ2000 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። በነዚህ ሁሉ ክርክሮች ውስጥ ከተናገሩት አዋቂዎች መካከል ስለ ሞሊ ወረቀት የተናገረ መኖሩን አላነበብሁም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ ነው።

ወገኖቻችንን በቅርብ የነካው ክርክር የተነሣው በሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ሄዘር በዚያ አልነበረችበትም፤ የተነሡት ከርስዋ በኋላ የተጻፉ ሌሎች መጻሕፍት ናቸው። የትምህርት ቦርዱ በ2022 እነዚህን መጻሕፍት ለትንንሽ ልጆች እንዲነበቡ አስገባ፤ በመጀመሪያ ልጄ ይህን አይስማ ያለ ወላጅ ልጁን ማስወጣት ይፈቀድለት ነበር፤ በመጋቢት 2023 ግን ያ ፈቃድ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በጋ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ጐን ለጐን ሆነው በሮክቪል በትምህርት ቦርዱ ፊት ቆሙ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ሰኔ 27 ቀን 2025 ስድስት ዳኞች ለወላጆቹ፣ ሦስት ዳኞች ለቦርዱ ፈረዱ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ወላጆቹ አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን ማስወጣት እንዲችሉ ሆነ።

ዳኞቹ በዚህ ጊዜ የመጽሐፍ ሐያሲያን ሆኑ። «የአጎት ቦቢ ሠርግ» የሚባል በሣራ ብራነን የተጻፈ መጽሐፍ አለ፤ በ2008 ሲታተም ባለ ታሪኮቹ ትንንሽ እንስሳት ነበሩ፤ በ2020 ሰዎች ሆነው ተሣሉ። ክሎዊ የምትባል ሕፃን የምትወደው አጎትዋ ሊያገባ ነው ሲባል ታዝናለች። የሚያገባው ወንድ ነው። ለብዙኃኑ የጻፉት ዳኛ አሊቶ መጽሐፉ ልጆችን በጋብቻ ላይ ወደ አንድ ዓይነት የሥነ ምግባር ፍርድ የሚመራ ነው አሉ። ዳኛ ሶቶማዮር ደግሞ አጎትዋን እንዳታጣ ስለ ፈራች ልጅ የሚናገር ነው ብለው መጽሐፉን እንዳለ ከፍርድ ሐሳባቸው ጋር አያይዘው አወጡት፤ አንብባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ እንደ ማለት ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው። ክሎዊ የምትፈራው በእውነት አጎትዋን ማጣት ነው፤ ሙሽራዋ ሴት ብትሆንም ያው ታዝን ነበር። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ስለ ሠርጉ ሌላ ሐሳብ ያለው አንድም ሰው የለም፤ ዝም የተባለውም ነገር ትምህርት ነው። ያ ዝምታ ደግሞ በንጉሥና በንግሥት ተረት ሁሉ ውስጥ አለ፤ እኛ ስላደግንበት አንሰማውም እንጂ።

በሮክቪል የቆሙትን ወገኖቻችንን ኋላ ቀር ብሎ የሚሥቅባቸው ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ልጁን በሃይማኖቱ ለማሳደግ ባሕር ተሻግሮ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አባት፣ ምን እንደሚነበብለት አስቀድሜ ልወቅ ቢል ጥፋቱ ምንድር ነው? ይሁን እንጂ ለነዚሁ ወገኖቼ አንድ ነገር አሳስባለሁ። መጽሐፉ ሲከፈት አሥር ልጆች ተነሥተው ከክፍሉ ሲወጡ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ታያቸዋለች። የተነበበው ስለ ቤትዋ ነው። ለምን እንደ ወጡ አይነገራትም፤ ግን ታውቃለች። ያ ልጅ ያን ቀን ከጓደኞቿ ጀርባ የምታነበው ነገር ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጥ አይረሳትም። ልጃችን ከክፍሉ እንዲወጣ ካደረግን፣ ሲመለስ አጠገቧ እንዲቀመጥና ምሳውን ከርስዋ ጋር እንዲበላ ማስተማር ደግሞ የእኛ ዕዳ ነው። እንዲህ ያለውን ዕዳ ግን ፍርድ ቤት አይጽፈውም።

ስለ መጽሐፏ የቀረኝ አንድ ነቀፌታ አለ። ጨው የላትም። ጄንና ኬት ፈጽሞ አይቈጡም፤ አይደክሙም፤ ወጥ አያሳርሩም፤ ሄዘርም እምቢ አትልም። ይህ ነቀፌታ ከሄዘር በኋላ የመጡትን አብዛኞቹን ይመለከታል። ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብዬ ሳስብ ምክንያቱን ያገኘሁት ከወላጆቹ ኑሮ ነው። ሰው ሁሉ የሚመለከተው ቤት ግድግዳውን በየቀኑ ይለቀልቃል። በ2008 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት እነዚህ ወላጆች በልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሥራ ከሌሎች ወላጆች ይልቅ በብዛት እንደሚሳተፉ ገልጾ ነበር፤ ኬክ ሲሸጥ እነርሱ ናቸው፣ ለጉብኝት ሲኬድ እነርሱ ናቸው፣ ስብሰባ ሲጠራ እነርሱ ናቸው። ደግነታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን አንዲት እናት ልጅዋ ጠጉርዋ ተንጨባሮ፣ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ብትሄድ «ታዲያ ምን ይጠበቃል ከእንዲህ ያለ ቤት!» እንዳትባል ብላ የምትፈራ ከሆነ፣ የምትኖረው በእንግዳ ቤት ነው። ይህንን ፍርሃት መበለቶች ያውቁታል፤ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ያውቁታል፤ ስደተኛም ያውቀዋል። የሄዘር ደራሲም ያንን ፍርሃት ይዘው ስለ ጻፉ ሁለቱን እናቶች ቅዱሳን አድርገው ሣሉ። ቅዱስ ደግሞ በልጅ መጽሐፍ ውስጥ አይወደድም፤ ልጅ ደራሲ ካልዋሸው በቀር እናቱ አንዳንድ ቀን ራስዋን እንደሚያማትና እንደምትጮኽ ያውቃል። እናት ሆዷ ዥንጕርጕር ነው፤ ፊቷም እንደዚሁ።

ስለዚህ ይህች መጽሐፍ ዳግመኛ የምትታተም ከሆነ አሳታሚዎቿን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የሄዘር እንባ ወደ ቦታው ይመለስ። ከዚያም በአንዱ ገጽ ላይ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ሊኬድ ሲል፣ አንዲት ጫማ ጠፍታ ጄን ከአልጋው ሥር ስትፈልግ፣ ኬትም ሰዓቷን እያየች ስትቈጣ፣ ውሻውም ጫማውን በአፉ ይዞ በር ላይ ተቀምጦ ይሣልልን።